ላቀችና ሁለቱ ባሩዶች

እስቴ ውስጥ የአያቱን ጠመንጃ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው ሁሉ የላቀች ይስማውን ደጅ ያውቀዋል። ጠመንጃው ደህና ሆኖ ጥይቱ ከገበያ ከጠፋ ስንት ዘመኑ! ታዲያ ባለ ጠመንጃው የተተኮሰበትን ባዶ ቀለህ በጨርቅ ቋጥሮ ይመጣል። ላቀች ቀለሁን ታጥባለች፣ የጎበጠውን ታቀናለች፣ ባሩድ ትሰፍርበታለች፣ እርሳሱን ትገጥምለታለች። ሞያው የአባቷ የይስማው ነው። ይስማው ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ ቢኖረውም ሞያውን ለላቀች ይሰጥ እንደነበር ራሱ ይናገር ነበር። «ባሩድ የቸኮለ እጅ አይወድም። የዚች ልጅ እጅ ደግሞ አይቸኩልም» ይል ነበር።

ሰው ሲቸግረው «እመት ላቀች» ይላታል፤ ጉዳዩ ካለቀለት በኋላ ግን «የቀጥቃጭ ልጅ» ማለቱን አይተውም። ሠርግም ይጠሯታል፤ የሚያስቀምጧት ግን በጓዳ በኩል ነው። ላቀች ይህን ሰምታ እንዳልሰማች ማለፍ ከለመደች ቆይታለች። ኩራቷን ያስቀመጠችው ሌላ ቦታ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ስትሠራ፣ በእጇ የሞላችው ጥይት የአንድ ሰው ጣት እንኳ አልጫረም። ይህን እሷም ታውቃለች፤ የሚያሟትም ያውቃሉ።

ከአባቷ የወረሰችው ሁለት ሕግ ነበራት። ከየት እንደመጣ የማታውቀውን ባሩድ አትሰፍርም። ደግሞም የሰው ጠመንጃ ከመጉረሱ በፊት፣ ከሞላችው ውስጥ አንዱን በራሷ ጠመንጃ ተኩሳ ታያለች። ለዚሁ ብላ የምታኖረው የይስማውን ውጅግራ ነበር። ረጅም፣ ከባድ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ነው። ሰደፉ ላይ የአባቷ ጉንጭ ያረፈበት ቦታ ተልጎ እንደ ቀንድ ዋንጫ ያበራል።

አንድ ዓመት፣ ጥር እንደገባ፣ ከንፋስ መውጫ ማሩ አድማሱ የሚባል ሰው በመኪና መጣ። ማሩ የግብርና ባለሙያ ነው፤ የታወቁት የግራዝማች አድማሱ ልጅ።

«እመት ላቀች፣ ሜሮን ልጄን ልድር ነው» አላት። «አባቴ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁኝ። ‹የልጅ ልጄ ስትዳር ጠመንጃዬ ይጩህ፤ ከዚያ በኋላ ፈጣሪ በፈለገው ቀን ይጥራኝ› ይላሉ። ጠመንጃቸው ውጅግራ ነው። ከተተኮሰ ሃያ ዓመት አልፎታል።»

«ቀለህ አለ?»

«ዘጠኝ አለ። አባትሽ ይስማው በእጁ ይሞላቸው የነበሩት ናቸው አሉኝ።»

ላቀች ሌላ ነገር አልጠየቀችም። የመሥሪያ ሣጥኗን አነሳች፤ ባሩዷን የያዘውን ቀንድ በአንገቷ አጠለቀች፤ የአባቷን ጠመንጃ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልላ መኪናው ውስጥ ገባች።

የግራዝማች አገር ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ፣ ሸለቆ አፋፍ ላይ ያለ የገብስ አገር ነው። ሲደርሱ ለሠርጉ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ግቢው በዳስ ሠሪና በእንጨት ፈላጭ ተሞልቷል። ግራዝማች ግን ፀሐይ በሚያርፍበት ግድግዳ ሥር፣ መደብ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። ዓይናቸው ፈዟል፤ ወገባቸው ግን አልጎበጠም።

«የይስማው ልጅ ነሽ?»

«ነኝ ግራዝማች። እንደምን ሰነበቱ?»

«መልክሽ የእናትሽ ነው። እስቲ እጅሽን አምጪ።» እጇን ይዘው ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። መዳፏ ላይ ያሉት መስመሮች ውስጥ ውኃ የማያወጣው ጥቁር ነገር ገብቷል። «እጅሽስ የእሱ ነው» አሏት።

ላቀች ይህን ስትሰማ ደረቷ ሞላ። ጠመንጃውን ተቀብላ አፈሙዙን ወደ ፀሐይ አዙራ ውስጡን አየች። ዝገት የለውም፤ ሽማግሌው ሃያ ዓመት ሙሉ ሳይተኩሱበት ሞራ እየቀቡ ጠብቀውታል። ቀለሆቹን አንድ በአንድ አገላበጠች። ከሥር በኩል አባቷ በመውጊያ ያደረጋት ትንሽ ነጥብ አለች፤ ያንን ምልክት ከእሷ በቀር የሚያውቀው ሰው አልነበረም።

በዚያን ቀን ሦስቱን ሞላች። ከሦስቱ አንዱን በራሷ ውጅግራ ልትሞክር ስትነሳ፣ ማሩ አንድ ጎልማሳ አስከትሎ መጣ። ኪዱ ይባላል፤ የስማዳ ሰው ነው፤ የማሩ ሚስት ዘመድ። ሬዲዮም፣ ሞባይልም፣ ጠመንጃም ይጠግናል። እጁ ፈጣን ነው፤ ምላሱም እንደ እጁ። በብብቱ አንድ ጣሳ ይዟል።

«እመት ላቀች፣ አትቀየሚኝ» አለ ማሩ፣ ትንሽ እያፈረ። «የቪዲዮ ባለሙያ ከደብረ ታቦር ቀጥሬያለሁ። የአንቺ ባሩድ ደግሞ ጭሱ ደመና ነው አሉኝ። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ አባቴ ከተኮሱ ልጅቷ በጭሱ ተውጣ ልትቀር ነው። ኪዱ የያዘው ያው የአንቺው ባሩድ ነው፤ የተጣራ ስለሆነ ግን ጭስ የለውም።»

«ከየት መጣ?»

«ከነጋዴ ነው የገዛሁት፣ እትዬ ላቀች» አለ ኪዱ። «ለማንኛውም ጠመንጃ ይሆናል ተብያለሁ። እኔም ሞልቼበት አውቃለሁ።»

ላቀች ጣሳውን ተቀብላ ዙሪያውን አየች። ስም የለውም፤ ወረቀቱ ተልጧል። ነጭ ሳህን አስመጣችና በአንድ በኩል ከቀንዷ፣ በሌላ በኩል ከጣሳው ቆንጠር ቆንጠር አድርጋ አፈሰሰች። ዳስ የሚሠሩትም ሥራቸውን ትተው ከበቧቸው። ሠርጉን ሊባርኩ ከጋይንቷ ቤተ ልሔም ደብር የመጡት መሪጌታ ገብረ ሥላሴም ጠጋ ብለው አዩ።

ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ደቃቅ፣ ሁለቱም ቁርጥ ኑግ።

«በእኔ ዓይን አንድ ናቸው» አሉ መሪጌታ።

«በዓይን ለማንም አንድ ናቸው፣ የኔታ» አለች ላቀች። ከራሷ ወሰደችና በሁለት ጣቷ አሸችው፤ ጣቷ እንደ ከሰል ጠቆረ። ሌላውን ጣቷን ጠርጋ ከጣሳው ያለውን አሸች፤ አዳለጣት እንጂ አላጠቆራትም። ሳህኑን ወደ ፀሐይ አዘነበለች። የእሷ ፈዞ ተቀመጠ፤ የጣሳው እንደ ጎመን ዘር አብለጨለጨ።

«የተጣራ ነው አልኩሽ እኮ!» አለ ኪዱ። «ለምን በእሳት አናየውም?»

አሮጌ ማረሻ አመጡና ሰው ርቆ እንዲቆም ተደረገ። ላቀች ከራሷ ባሩድ ቁንጥር ታህል ብረቱ ላይ አድርጋ በረጅም እንጨት እሳት አስነካችው። ቡፍ! ብሎ ዓይን ሳይከድኑ አለቀ፤ ነጭ ጭስ ወደ ዳሱ ጣሪያ ወጣ። የጣሳውን ስታስነካው ግን ድምፅም አላሰማ። ቢጫ ነበልባል አውጥቶ እንደ ጧፍ ረጋ ብሎ ነደደ፤ ጭሱም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ኪዱ እጁን አጨበጨበ። «አያችሁ? የእሷ እንደ እብድ ይፈነዳል፤ የእኔ የዋህ ነው! እንዲያውም ለሽማግሌ ትከሻ የሚመቸው ይኼ ነው።»

የከበበው ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፤ ነገሩ በዓይን የታየ ነውና። ማሩም ፈገግ አለ። ላቀች ግን ከማረሻው ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

«እኔን ያስፈራኝ እሱ የዋህነቱ ነው» አለች። «ሜዳ ላይ ረጋ ብሎ የሚነድ ባሩድ ሲታፈን ሌላ ነው። ቀለህ ውስጥ ተዘግቶበት እሳት ሲያገኘው፣ መውጫ ሲያጣ፣ ያኔ ነው ኃይሉ የሚመጣው። ይኼ ብረቱ ለጠነከረ ለአሁን ዘመን ጠመንጃ የተሠራ ይመስለኛል። ውጅግራ የተሠራው በዚህ በእኔው ዓይነት ነው፤ ያኛውን አይችለውም።»

«ይመስለኛል ነው የምትይው፤ አላወቅሽውማ!» አለ ኪዱ።

«አላወቅሁትም። ስላላወቅሁትም ነው የማልሰፍረው።»

ማሩ መሀል ገባ። «እመት ላቀች፣ ሠርጉ ከነገ ወዲያ ነው። ሰው ተጠርቷል። ኪዱ ሞልቼበት አውቃለሁ እያለ ነው። የማትሞዪልኝ ከሆነ እሱ ይሙላልኝ፤ አንቺም እንዲሁ ሠርገኛ ሆነሽ ዋይ።»

«ተዋት ጋሼ» አለ ኪዱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ሁሉም ሰው ግን ሰማው። «የቀጥቃጭ ምቀኝነት ነው። ከእሷ ሌላ ሰው እንዲያውቅ አትፈልግም።»

 ማሩ መሬት መሬት አየ። ላቀች ቀንዷን ከደነች፤ ሣጥኗን ቆለፈች፤ ነጠላዋን አጣፋች። «ንፋስ መውጫ በእግሬ እደርሳለሁ፤ ከዚያ መኪና አላጣም» ብላ ሣጥኗን በራሷ፣ የአባቷን ጠመንጃ በትከሻዋ አድርጋ ወደ ግቢው በር ሄደች። አንገቷ ቀና እንዳለ ነበር።

በሩ አጠገብ ስትደርስ ግራዝማችን አየቻቸው። ሽማግሌው የተፈጠረውን አልሰሙም። ብቻቸውን ተነስተው ቆመዋል። ባዶውን ውጅግራ ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ጉንጫቸውን ሰደፉ ላይ አሳርፈው፣ ከሸለቆው ማዶ ካለው ገደል ላይ ያለች አንዲት ነጭ ድንጋይ ያልማሉ። ቃታውን በባዶው ይስቡና ለራሳቸው ይስቃሉ። መልሰው ያቀባብላሉ። እንደገና ጉንጫቸውን ያሳርፋሉ።

ላቀች ያየችው ያንን ጉንጭ ነው። ብረቱ ቢፈነዳ የሚፈነዳው ከዚያ ጉንጭ አንዲት ስንዝር ሳይርቅ ነው። ሣጥኗን አወረደችና ወደ ሰዎቹ ተመለሰች።

«ጋሼ ማሩ» አለች፣ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ። «እኔ ብሄድ ቅር አይለኝም። ግራዝማች ግን ያላዩትን ሞት ጉንጫቸው ላይ አያስቀምጡም። ይኸው የአባቴ ጠመንጃ። ከእሳቸው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ አንድ ዕድሜ፣ አንድ ብረት። ኪዱ ለግራዝማች ሊሞላ ያሰበውን ያህል፣ ከዚያ ሳያጎድል ሳይጨምር፣ በአንድ ቀለህ ይሙላ። ጠመንጃውን ከግንድ ጋር እንሰረው፤ ቃታውን በገመድ እንሳበው። ደህና ከተኮሰ ይቅርታ ብዬ እሄዳለሁ። ዳግመኛም ባሩድ አልነካም።»

«ቢፈነዳስ?» አለ ማሩ።

«ቢፈነዳ የፈነዳው የእኔ ነው።»

ኪዱ ሳቅ አለና «ይሁን፣ ለጠመንጃዋ ካልራራች» አለ። መሪጌታ ገብረ ሥላሴ ግን አልሳቁም። መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ «ልጆቼ» አሉ፣ «እኔ ባሩድ አላውቅም። ግን ‹ገና› ብላችሁ ጻፉ። ሲላላ ‹አልደረሰም› ማለት ነው፤ ሲጠብቅ የጌታ ልደት ነው። ፊደሉ አንድ ነው፤ ዓይንህ አይለየውም። የሚለየው ያነበበው ሰው ነው። ይቺ ሴት ማንበብ የምታውቅ ትመስለኛለች። ይሞከር።»

የመሪጌታ ቃል ጸና። ከግቢው ጀርባ የተቆረጠ የጽድ ጉቶ ነበር። ላቀች ማንም እንዲያግዛት አልፈቀደችም። የአባቷን ጠመንጃ አፈሙዙን ወደ ገደሉ አድርጋ ጉቶው ላይ አጋደመችው፤ በጠፍር ጠፍራ አሰረችው። ጠፍሩን ስታጠብቅ እጇ ያ የተላገው ቦታ ላይ አረፈ። ልጅ ሆና አባቷ ሲያልም ከኋላው ቆማ ጆሮዋን ትደፍን ነበር። «አባዬ፣ ይቅር በለኝ» አለች፣ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ። ከዚያ ረጅም ገመድ ቃታው ላይ አስራ ገመዱን ወደ ድንጋዩ ካብ ጎተተች።

ሰው ሁሉ ከካቡ ጀርባ ተቀመጠ። በመጀመሪያ እሷ የሞላችውን አጎረሰችና ተመልሳ ገመዱን ሳበች። ድምፁ ወፍራም ነው፤ እንደ ክረምት ነጎድጓድ ሸለቆውን ተንከባሎ ሄደ። ነጭ ጭስ ጉቶውን ሸፈነው። ጭሱ ሲገፈፍ ጠመንጃው እንደታሰረ ነው፤ ምንም አልሆነም። ላቀች ሄዳ ከፈተችው፣ ቀለሁን አወጣች፣ ውስጡን ጠረገች።

«አሁን የአንተን» አለችው ኪዱን።

ኪዱ የሞላውን ጥይት ራሱ አጎረሰ፤ መዝጊያውንም ራሱ ቆለፈ። እየሳቀ ነበር የተመለሰው። ገመዱን አቀበለችው። «ያንተ ነውና አንተ ሳበው።»

ኪዱ ሳበ።

የመጣው ድምፅ የቀደመውን አይመስልም። ቀጭን ነው፤ ብረት በብረት ሲሰነጠቅ የሚሰማው ዓይነት። የሆነ ነገር ከካቡ በላይ እያፏጨ አልፎ ከኋላቸው ያለውን የገብስ ነዶ ክምር ሰርስሮ ገባ። ጥቂት ጊዜ ማንም ቀና አላለም። ጭስ አልነበረም፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር ወዲያው ታየ። ጥይቱ የጎረሰበት ቦታ እንደ በሰለ ዱባ ተተርትሯል። የመዝጊያው ብረት የለም። ሰደፉ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ መሬት ላይ ወድቋል።

ዳስ ሠሪዎቹ አማተቡ። ማሩ ፊቱ አመድ መሰለ። ግራዝማች ድምፁን ሰምተው በዘንጋቸው እየተመሩ መጡና «ምንድን ነው?» አሉ። መሪጌታ የጣሳውን ባሩድና የቪዲዮውን ነገር ባጭሩ ነገሯቸው። ጉቶው ዘንድ ደርሰው በእጃቸው ዳሰሱ። የተተረተረውን ብረት፣ የተሰነጠቀውን እንጨት በጣታቸው አገኙት። ያችኑ የተላገች ቦታ ሲነኩ እጃቸው ቆመ።

«ጉንጬ የሚያርፈው እዚህ ነበር» አሉ።

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ማሩ፣ ለቪዲዮ ብለህ ልትቀብረኝ ነበር?»

ማሩ ተንበርክኮ የአባቱን ጉልበት ሳመ።  ኪዱ ደግሞ ገመዱን እንደያዘ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሰው ሁሉ ላቀች አሁን ምን ትለው ይሆን ብሎ ጠበቀ። ላቀች ጠጋ አለችውና ስለ ቀጥቃጭም ስለ ምቀኝነትም ሳታነሳ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ከዚህ ባሩድ ለሌላ ሰው ሞልተሃል?»

ኪዱ ቀና አለ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባው። «ለሦስት ሰው» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «ስማዳ። በያዝነው ሳምንት ነው የሰጠኋቸው… ለሠርግ ብለው።»

«ተኩሰውበታል?»

«አላውቅም።»

«ስልክ አላቸው?»

ሁለቱ ስልክ ነበራቸው። ኪዱ ደወለ። አንደኛው ወዲያው አነሳ፤ ሌላው በአራተኛው ጥሪ። ሁለቱም ገና አልተኮሱም ነበር፤ እግዚአብሔር ጠብቋቸው። ሦስተኛው ይርጋ የሚባል፣ ቆላ ውስጥ የሚኖር ሰው ነው፤ እዚያ መስመር አይገባም። ልጁን የሚድረው ደግሞ በማግስቱ ነው።

«የኔን መኪና ውሰድ» አለ ማሩ፣ ቁልፉን እየወረወረለት።

«መኪና የማይገባበት ስትደርስ ሩጥ» አለችው ላቀች። «ሄድ ሄድ አትበል። ሩጥ። ጥይቱን ካላየህ በቃል ብቻ እንዳትመለስ።»

ኪዱ ሄደ። ላቀች የጣሳውን ባሩድ ባዶ ሜዳ ላይ እየበተነች፣ ጥቂት በጥቂት አቃጥላ ጨረሰችው። ከዚያ ሣጥኗን ከፍታ የግራዝማችን ቀሪ ቀለሆች ልትሞላ ተቀመጠች። መሞከሪያ ጠመንጃ አልነበራትም። ስለዚህ እያንዳንዱን ስፍር ሁለት ጊዜ መዘነች፤ እያንዳንዱን ቀለህ ሦስት ጊዜ አየች። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው በአጠገቧ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ ቅዳሴ ላይ እንዳለ ሰው።

የሠርጉ ዕለት ሙሽራው ከነሚዜዎቹ በመኪና መጣ። ሜሮን ነጭ ለብሳ ከቤት ልትወጣ ስትል ግራዝማች ካባቸውን ደርበው ወጡ። ከማዶው ገደል ሥር ሰውም ከብትም እንዳይኖር ሰው ተልኮ ተረጋግጧል። የቪዲዮ ባለሙያው ጥሩ ቦታ መርጦ ቆሟል። ግራዝማች ጉንጫቸውን ሰደፉ ላይ አሳረፉ። ላቀች በጓዳው በር በኩል ከሴቶቹ ጋር ቆማ፣ ትንፋሿን ይዛ ታያለች።

ውጅግራው ጮኸ። አገሩ ጋይንት የግራዝማችን ጠመንጃ ድምፅ ከሰማ ሃያ ዓመቱ ነበር፤ ሸለቆው እየተቀባበለ መለሰው። ጭሱ ዳሱንም፣ ሙሽራዋንም፣ ባለ ቪዲዮውንም ዋጣቸው። ሰው ሁሉ በጭሱ ሳል ያዘው። ጭሱ ሲገፈፍ ሜሮን ቬሏን በእጇ እያራገበች፣ ከሆዷ እየሳቀች ብቅ አለች። ያቺ ሳቅ ናት ቪዲዮው ላይ የቀረችው፤ እስከ ዛሬም ሜሮን ለእንግዳ የምታሳየው እሷኑ ነው።

«ጥይቱ ወዴት ሄደ?» አሉ ግራዝማች።

 አቧራው የተነሳው ከነጩ ድንጋይ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ ነበር።

«ከድንጋዩ እግር ሥር ነው፣ ግራዝማች» አሉ መሪጌታ፣ ቀስ ብለው።

«እንግዲያው ድንጋዩ ነው ከፍ ያለው!» አሉ ሽማግሌው። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ዘንጋቸውን መሬት ላይ ደቁ። «የይስማው ልጅ የት አለች?»

ሴቶቹ ገፋ ገፋ አድርገው አወጧት። ግራዝማች ጠመንጃውን አቀበሏት። «ሠላሳ ዓመት ለሰው ስትሞዪ ራስሽ ተኩሰሽ ታውቂያለሽ?»

«ከሞላሁት ሁሉ አንዳንድ ተኩሻለሁ።»

«በይ እንግዲህ አሳዪን። ያንን ትዕቢተኛ ድንጋይ አውርጂልኝ።»

ላቀች ከሞላቻቸው አንዱን አጎረሰች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። ብዙ አላለመችም። ጠመንጃው ጮኸ፤ ጭሱ ተነሳ፤ ገና ሳይገፈፍ ከማዶ ድንጋይ ሲሰነጠቅ ተሰማ። ነጩ ድንጋይ ለሁለት ተከፍሎ ገደሉን እየተንከባለለ ወረደ። እልልታው ከጓዳ ጀምሮ ዳሱን አልፎ መንገድ ላይ የቆሙት መኪኖች ድረስ ሄደ። ፉከራው ቀለጠ። ግራዝማች እጇን ከፍ አድርገው ይዘው፣ «ሰማችሁ?» አሉ። «ይስማው በሕይወት ሳለ ጥይቴን ከደጅ ነበር የምቀበለው፤ ከዳሴ አላስቀመጥኩትም። ያ የእኔ ድንቁርና ነው። ባሩድ ሰፋሪ ላቀች ዛሬ የምትቀመጠው ከእኔ ቀኝ ነው። ቅር ያለው ካለ መንገዱ ሰፊ ነው።»

ቅር ያለው አልተገኘም። መሪጌታ ገብረ ሥላሴ ራሳቸው ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላት።

ምሳ ሲቀርብ ኪዱ መጣ። እስከ ጉልበቱ አቧራ ለብሷል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ከማንም ጋር ሳይነጋገር ቀጥታ ላቀች ፊት ሄዶ መሐረብ ፈታ። አሥራ አንድ ጥይት ነበር። «ይርጋ ጠመንጃውን አጉርሶ ነው የደረስኩበት» አለ። «ሁሉም ይኸው። ቁጠሪው።» ከዚያም ጎንበስ ብሎ እግሯን ሊስም ሲል ትከሻውን ይዛ አነሳችው።

«በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

«ታጥበህ ና፤ ብላ» አለችው። «ሞያውን ከፈለግህ ደግሞ ፋሲካ ካለፈ በኋላ እስቴ ና። እኔ ሴት ልጅም ወንድ ልጅም የለኝም።»

በማግስቱ ግራዝማች ውጅግራቸውን ሊሰጧት ፈለጉ። ላቀች አልቀበልም አለች። የወሰደችው የአባቷን ጠመንጃ ስብርባሪ ብቻ ነው፤ ከገብሱ ክምር ውስጥ የተቆፈረውን የመዝጊያ ብረት ሳይቀር ለቅማ ጆንያ ውስጥ ከተተችው። ማሩ ሾፌሩን አስወርዶ ራሱ እየነዳ፣ በደብረ ታቦር ዞሮ እስቴ ድረስ ወሰዳት። ደጇ ሲደርሱም ጆንያውን ማንም እንዲይዝለት አልፈቀደም። የንፋስ መውጫው ባለሙያ ከነሱፉ ጆንያውን ተሸክሞ፣ ጎረቤት ሁሉ እያየ ቤቷ ድረስ አስገባላት።

እሱ ከሄደ በኋላ ጎረቤቷ የሺ ልቧ አላርፍ ብሏት መጣች። ጆንያውን አይታ፣ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» አለቻት።

«የአባቴን ጠመንጃ።»

«ውይ! ምን ሆነ?»

ላቀች ጆንያውን ፈታ የተተረተረውን ብረት መደቡ ላይ አስቀመጠችው። ዱካ ስባ ለየሺ ሰጠቻት፣ እሷም አጠገቡ ተቀመጠች።

«ቁጭ በይ» አለች። «ሰው አድኖ ነው የመጣ። ልንገርሽ።»